ሌሊት ተጽፎ ጠዋት የሚደርስ

የአዲስ አበባውን ሥራ የምጀምረው ልጆቼ ተኝተው ቤቱ ሲረጋጋ ነው። ሜሪላንድ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። የምጽፍላቸው ሰዎች በዚያ ሰዓት ተኝተዋል፤ ከተነሡም ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወይም ለሱብሒ ሶላት ነው። ደረሰኝ ጎድሏል፣ የጨረታው ቀን ተገፍቷል፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር ከባንኩ ጋር አልታረቀም የሚል ኢሜይል በዚያ ሰዓት ሊቀበላቸው አይገባም። ስለዚህ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነባለሁ፣ አርማለሁ፤ ከዚያ ወዲያው ከመላክ ይልቅ በአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በራሱ እንዲሄድ እቀጥረዋለሁ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ የኮምፒውተር ዘዴ ያየዋል። እኔ ግን አብረውን ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ያለንን መከባበር ከሚያሳዩ ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ መልእክት የሚደርስበት ሰዓት፣ ውስጡ ከተጻፈው ቃል እኩል ይናገራል። አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት እሑድ ማታ ኢሜይል የሚልኩ ኃላፊ ነበሩ። ከደብዳቤው ግርጌ ሁልጊዜ «አይቸኩልም፣ ሲመቻችሁ እዩት» ይላሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ በእውነትም አይቸኩሉም ነበር፣ ሐሳቡ ሳይጠፋባቸው ከእጃቸው እንዲወጣ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ግን አንዱ ባልደረባ ወዲያው ይመልሳል። እሱ ከመለሰ ሌላዋ ዝም ብላ ልታድር አትችልም። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ የጻፉትን አይቶ የራሱን ይጨምራል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። ያን ሰሞን ልጆቹን ልታይልኝ መጥታ የነበረችው እናቴ ስልኬን ይዤ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ ስታየኝ «ልጄ፣ ሰንበት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም፤ ማንም ሥሩ ብሎ አላዘዘንም።

ላውራ ጁርጄ እና ቫኔሳ ቦንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ኢሜይል የሚደርሰው ሰው፣ ላኪው ከሚጠብቀው በላይ ፈጥኖ መመለስ እንዳለበት ያስባል። ላኪው አይቸኩልም ብሎ በግልጽ ሲጽፍ ያ ግምት እንደሚቀንስም አግኝተዋል። ይህ እኩያ ለእኩያ ሲጻፍ እንደሚሠራ አልጠራጠርም። ከአለቃ ሲመጣ ግን፣ በተለይ እኛ እንዳደግንበት ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ነውር በሆነበት ቤት ላደገ ሰው፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ ሰዓቱ የሚናገረውን አትሽረውም። አለቃ ሐሳቡ ሳይጠፋው ይጻፍ፤ መድረሻውን ግን ለሰኞ ጠዋት ይቅጠር። ለእሱ ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ ነገር ነው፣ ለሠራተኛው የእሑድ እራት ነው።

አንዳንድ አገሮች ነገሩን ሕግ አድርገውታል። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከኦገስት 26 ቀን 2024 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሥራ መልእክት የመራቅ መብት እንዲኖረው ደንግገዋል። ፖርቱጋል በ2021 መጨረሻ ያወጣችው ሕግ ግዴታውን አሠሪው ላይ ነው የጣለው፤ ካልቸገረ በቀር ሠራተኛውን በዕረፍት ሰዓቱ አትነካካው ይላል። ይህኛው ለእኔ ይበልጥ ልክ ነው፤ ሸክሙ በተቀባዩ ላይ ሳይሆን በላኪው ላይ ስለወደቀ። የጀርመኑ መኪና አምራች ፎልክስቫገን ሕግ እንኳ ሳይጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአንድ ክፍል ሠራተኞቹ ፈረቃቸው ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ ኢሜይል ወደ ስልካቸው እንዳይገባ ሰርቨሩን፣ ማለትም ኢሜይል የሚያስተላልፈውን ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ አስሮ ነበር። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትራስ ሥር የምትበራ ስልክ እዚያ ቁጥር ውስጥ ትገባለች አትገባም የሚለውን ገና በወጉ አልተነጋገርንበትም፤ ልንነጋገርበት ይገባል።

ወሬን እስከ ሰዓቱ ማቆየት ግን ለእኛ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። መርዶን አስቡ። አገር ቤት አባቷ ያረፈባት ሴት እዚህ አሜሪካ ስትኖር፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለወዳጆቿ ነው። ያን ዕለት ሥራ ገብታ እንደሆነ፣ መኪና እየነዳች እንደሆነ፣ ብቻዋን እንደሆነች ያጣራሉ። በቴሌፎን ይመካከራሉ፤ ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ልጆቹን ይያዝ፣ ማን ቡናውንና ንፍሮውን ያዘጋጅ ይባባላሉ። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። ያ ወሬ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት በብዙ ሰው ደረት ውስጥ ተይዞ ያደረ ነው። የያዙት ስለሚሸሽጓት አይደለም፤ ስትሰማ የሚይዛት ሰው እንዲኖር ነው። አሁን ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል፤ መርዶዋን አውቶቡስ ውስጥ ከስልኳ ያነበበች ልጅ አውቃለሁ። ይህን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ስለ ኢሜይል ምንም አያውቁም ነበር፤ ግን ተቀባዩ በምን ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ከመናገር በፊት መጠየቅን ከእኛ በተሻለ ያውቁ ነበር።

ወደ ኢሜይሉ ልመለስ። ኢሜይል ከመጀመሪያውም ቢሆን እንደ ስልክ ጥሪ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገናኝ ነገር አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆናታን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ደንብ የተሠራው ተቀብሎ፣ አቆይቶ፣ ለሚቀጥለው ሰርቨር በሚያስተላልፍ አካሄድ ነው፤ ተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ መልእክቱ ወረፋ ይዞ እየደጋገመ ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሰርቨሩ መልእክቱን እስከተባለው ሰዓት አቆይቶ እንዲለቅ የሚያዝበት መደበኛ መንገድ ወጣ። ጂሜይልን የሚጠቀመው ሰው ግን ይህን አቅም በእጁ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ጂሜይል የተጀመረው ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሲሆን፣ ቀጥሮ የመላኪያው ቁልፍ የገባለት በ15ኛ ዓመቱ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2019 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቡመራንግ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር።

እስኪላክ ድረስ መልእክቱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ጂሜይል ላይ የተቀጠረ መልእክት የሚያድረው በጉግል ሰርቨር ላይ ነው፤ መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ስልካችሁ ባትሪ ጨርሶ ቢዘጋ በሰዓቱ ይሄዳል። በብዙ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም፣ የድሮው አውትሉክ ግን፣ የድርጅቱ ኢሜይል ኤክስቼንጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ካልሆነ፣ መልእክቱን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያቆየው። ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ወይም ፕሮግራሙ ካልተከፈተ አይሄድም። የአፕል ሜይልም በ2022 ይህን አገልግሎት ሲጨምር መሣሪያው በርቶ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት እንዳለበት ነው ያደረገው። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ባልደረባዬ የጨረታ ሰነድ ከሌሊቱ እንዲሄድ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ቀጥራ ልትወጣ ስትል በስልክ አወራን፤ በጂሜይል ቀጥሪው አልኳት። ሰፈራቸው ያን ሌሊት መብራት አልነበረም፤ ሰነዱ በሰዓቱ ደረሰ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ራሱ። እዚህ ላይ ነው ሐበሻ ከፕሮግራሙ ጋር የሚተላለፈው። ኮምፒውተር ላይ ከሰማያዊው የመላኪያ ቁልፍ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ፣ «ነገ ጠዋት»፣ «ነገ ከሰዓት»፣ «ሰኞ ጠዋት» የሚሉ የተዘጋጁ ምርጫዎች ይመጣሉ። ጠዋት ሲል በፈረንጅ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የማን ጠዋት ብላችሁ ብትጠይቁት ደግሞ የእናንተን፣ የላኪውን ነው። እኔ ሜሪላንድ ሆኜ እሑድ ማታ «ነገ ጠዋት»ን ብነካ፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ ቀን ሄደ። ስለዚህ የተዘጋጀውን ትቼ ቀኑንና ሰዓቱን ራሴ እጽፋለሁ፤ ለአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት የእኔ ሰኞ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። አርብ ማታ ከጻፍኩ ደግሞ አዲስ አበባ ቅዳሜ ነግቷል፤ ያ መልእክት እስከ ሰኞ ይቆያል።

ይህ ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቢሆን ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትነካም። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች፤ ልዩነቱ ከ7 ሰዓት ወደ 8 ይሄዳል። በጥቅምት ወር ተቀምጣችሁ ለኅዳር ስብሰባ አጀንዳ በቀድሞው ሒሳብ ከቀጠራችሁት፣ ሰዎቹ 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ገብተው አጀንዳው 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥርበት መንገድ አለ። አዲስ አበባ ያለው ሰው «ነገ 3 ሰዓት ላይ ይድረሰኝ» ሲለኝ ጠዋት ማለቱ እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው፤ እዚህ ተወልዶ ላደገ የቢሮ ባልደረባዬ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም ባሉበት ኢሜይል ላይ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9» ብዬ ሁለቱን እጽፋለሁ። ማንም እንዲያፍር አልፈልግም።

የሳምንቱ ጉዳይም አለ። ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ላለ ሰው የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። ዱባይ ግን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የመንግሥት ዕረፍቷን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውራ አርብን ግማሽ ቀን አድርጋለች። «ሰኞ ጠዋት» የሚለው ቁልፍ ይህን አያውቅም። በዓላችንንማ ከቶ አያውቅም። የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት በየዓመቱ ለሴፕቴምበር 11 የሚቀጥር ሰው፣ በ2027 መልእክቱ ጳጉሜን 6 ላይ ይደርስበታል፤ የዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነውና። ዒድን ደግሞ ጭራሽ መቅጠር አልወድም። ጨረቃዋ ታየች አልታየችም የሚባለው በዋዜማው ማታ ነው፤ ሰው ገና ሊጾም ሱሑር በልቶ «ዒድ ሙባረክ» ቢደርሰው፣ ከልብ የተላከ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የማስብበት ነገር ግን ሌላ ነው። የተቀጠረ መልእክት እስኪሄድ ድረስ ኃላፊነቱ የላኪው ነው። ቁልፉን ስትነኩ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ግን በመሃሉ ዓለም አትቆምም። የምትጠይቁትን ሰነድ ሰውየው እናንተ ሳትነሡ ልኮት ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ጥያቄ ግን የሱን መልስ ሳያይ በሰዓቱ ይሄዳል። አያይዛችሁ የላካችሁት ፒዲኤፍ ላይ ያለው ቁጥር ማታ ትክክል ሆኖ ጠዋት ተቀይሮ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የበጀት ሰንጠረዥ በምልክበት ጊዜ ፋይሉን አላያይዝም፣ ሊንኩን ነው የማስገባው፤ ሊንኩን ሲከፍቱት የዕለቱን ቁጥር ያገኛሉ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያሉት የፋይናንስ ባልደረባችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ አብረን ስንሠራ ቆይተናል። አንድ ጊዜ «እህቴ፣ ያንቺ ኢሜይል ቡናዬን ጠጥቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ነው የሚደርሰኝ፤ ለመሆኑ አንቺ መቼ ነው የምትተኚው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ የጎደሉ ደረሰኞችን እንዲያሟሉ የሚጠይቅ ረጅም ኢሜይል ጽፌላቸው ለሰኞ 3 ሰዓት ቀጠርኩት። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እናታቸው እንዳረፉ አነበብኩ። ቀብሩ በዚያው ዕለት 9 ሰዓት ላይ ተፈጽሟል።

መኪናውን ሳላስነሳ ስልኬ ላይ የተቀጠሩትን የያዘውን ማኅደር ከፈትኩ። የእሳቸው ስም ከላይ አለ፤ ከጎኑ ሰኞ፣ በፈረንጅ 2 ሰዓት ይላል። ከፍቼ አንድ ጊዜ አነበብኩት። «እንደምን ሰነበቱ፣ ደረሰኝ ቁጥር» እያለ ይቀጥላል። በትሕትና የተጻፈ ኢሜይል ነው፤ ለቅሶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ግን አንዲት ቃሉ እንኳ አትሆንም። መላኩን ሰርዝ የሚለውን ስነካው ወደ ድራፍት ተመለሰ። አሳጥሬ ለረዳታቸው አዞርኩት፣ እስከ ረቡዕ የሚለውንም አወጣሁ። ለእሳቸው ግን አልጻፍኩም፤ ደወልኩ። «እግዜር ያጽናዎት ጋሼ፣ ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን» አልኳቸው። ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን ደስ እንዳላቸው ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የቀጠርኩትን ሁሉ እሑድ ማታ ሳላየው አልተኛም።

በዚህ ቁልፍ ሌላ ነገር የሚሠሩም አሉ። ተቀባዩ የሚያየው መልእክቱ የተላከበትን ሰዓት እንጂ የተጻፈበትን አይደለም፤ ተቀጥሮ መምጣቱንም የሚነግረው ምልክት የለም። ስለዚህ ማታ ጽፎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲደርስ የሚቀጥር አለ፤ ሌሊት ሲሠራ ያደረ እንዲመስል። ይህን ነውር ነው እላለሁ። ሌሊቱን እውነት ሲሠራ ካደረው ባልደረባው ላይ የተወሰደ ነገር አለና፤ ከዚያም በላይ እሱን አይተው የሚመጡት ጀማሪዎች ሥራ ማለት እንቅልፍ ማጣት ነው ብለው ይማራሉ። የእኔን ሰዓት የሚደብቀው ቁልፍ ለባልደረባዬ ዕረፍት ሲል ይደብቀው። ጋሼ መቼ ትተኛለሽ ሲሉኝ እንዴት እንደምሠራ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንደምጽፍ፣ ለጠዋት እንደምቀጥረው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ለእኔ መቅጠር ጀመሩ። አሁን ጠዋት የጻፉት የሚደርሰኝ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ነው።

ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መልእክት መቅጠር ይቻልበታል፤ የመላኪያውን ምልክት ትንሽ ጫን ብሎ መያዝ ብቻ ነው። ያለ ድምፅ የመላክም ምርጫ አለው፤ አገር ቤት ሥራ በቴሌግራም እየሆነ በመጣበት ጊዜ ይህን ሁሉም ኃላፊ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሰውየው ኦንላይን ሲገባ ይድረሰው የሚለውን ምርጫ ግን አልጠቀምበትም። ሰው ስልኩን የከፈተው እናቱን ሊያናግር ይሆናል።

የማልቀጥራቸው ነገሮች አሉ፤ ኀዘን፣ ይቅርታ፣ ምስጋና። እነዚህ በተሰሙኝ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሌሊት ከሆነም ሌሊት። እንዲህ ያለውን በሌሊት አይቶ የተከፋ ሰው አላጋጠመኝም። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ደግሞ የስንብት ደብዳቤ አርብ 11 ሰዓት ላይ እንዲደርስ ተቀጥሮ ሲላክ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ላይ ተደርጓል። ደብዳቤው የደረሳት ኃላፊው ከቢሮ ወጥቶ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነበር። የመጨረሻ ደመወዟን፣ የጤና መድኗን፣ ሰኞ ዕቃዋን ልትወስድ መግባት ትችል እንደሆነ የምትጠይቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያንኑ ደብዳቤ እየደጋገመች ስታነብ ዋለች። ያ ሰዓት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሰው ቀኑን መርጦ፣ ሰዓቱን መርጦ ያደረገው ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ የግድ ከሆነ፣ ቢሮው በተከፈተበት በሰኞ ጠዋት ይድረስ፤ የፈረመውም ሰው ያን ቀን ስልኩን ያንሳ።